ቀስ ብሎ የመውጣት ጥበብ፦ በአናፑርናና በሙስታንግ ተራሮች የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ

ተማሪ፦ መምህር፣ ሰው ብስክሌቱን በአውሮፕላን ጭኖ ሩቅ አገር ተራራ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ደግሞ ከፍሎ ሌላ ሰው እንዲመራው የሚፈልገው ለምንድን ነው? መንገዱ በካርታ ላይ አለ፤ ስልኩም ያሳየዋል።

መምህር፦ መንገድ ማሳየት ከመሪው ሥራ ትንሹ ነው። የተራራ ብስክሌት ጉዞ ከአስፋልት ውጭ፣ በእግረኛና በጭነት እንስሳት መንገድ ላይ፣ በየመንደሩ እያደሩ ለብዙ ቀናት የሚነዳ ጉዞ ነው። ተራራው ሩቅና ከፍ ያለ ሲሆን አየሩ ይሳሳል፣ የአየር ጠባዩ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፣ ሐኪም ቤት ደግሞ የቀናት መንገድ ይሆናል። መሪው የሚቀጠረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ነገሩን በአንድ ቦታ ብናየው ይቀላል። በኔፓል የአናፑርና ዙሪያና ከእርሱ በስተሰሜን ያለው የሙስታንግ አገር ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከሚመረጡት ቦታዎች ዋነኞቹ ናቸው።

ተማሪ፦ ቦታው ምን ይመስላል?

መምህር፦ ካሊ ጋንዳኪ የሚባል ወንዝ ከቲቤት ድንበር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ የሂማላያን ሰንሰለት ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በምዕራቡ በኩል 8,167 ሜትር የሚረዝመው ዳውላጊሪ፣ በምሥራቁ 8,091 ሜትር የሆነው አናፑርና ቆመዋል። ወንዙ በሁለቱ መካከል በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያልፋል። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከአምስት ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ግድግዳ በግራና በቀኝ ያያል ማለት ነው። ከዚህ ጠባብ በር በስተደቡብ ያለው አገር ደን፣ ሩዝና ጭጋግ ነው። በስተሰሜን ያለው ደግሞ ደረቅ ነው፤ ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው የክረምት ደመና ዝናቡን ተራሮቹ ላይ አራግፎ ስለሚቀር ሙስታንግ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ምድሩ ቀይ፣ ቢጫና ግራጫ ነው። መንደሮቹ ያሉት ከበረዶ የሚወርድ ጅረት በቦይ በሚደርስበት ስፍራ ብቻ ነው፤ እዚያም ገብስ ይዘራል።

ተማሪ፦ ስለዚህ የጉዞው ወራትም ይለያያሉ ማለት ነው።

መምህር፦ ይለያያሉ። ለአናፑርና ዙሪያ ጥሩዎቹ ወራት ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀጥሎም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያሉት ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደቡቡ ጭቃና ናዳ ሲሆን፣ ከተራራው ጀርባ ያለው ሙስታንግ ግን ይነዳል። ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የቀኑ ሰዓት ነው። ፀሐይ በሰሜን ያለውን ባዶ አምባ ስታሞቀው አየሩ ይነሣል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ከቆላው ያለው አየር በጠባቡ ሸለቆ ተገፍቶ ይወጣል። ከረፋዱ አራት ወይም አምስት ሰዓት ላይ የጀመረው ነፋስ ከሰዓት በኋላ አሸዋና ጠጠር የሚያነሣ ይሆናል። በሸለቆው ውስጥ ወዳለችው ከተማ ወደ ጆምሶም የሚበሩት ትናንሽ አውሮፕላኖች በማለዳ ብቻ የሚመላለሱት በዚህ ምክንያት ነው። በብስክሌት ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው ነፋሱ ጀርባውን ይገፋዋል፤ ከጆምሶም በስተሰሜን ካለችው ካግቤኒ ወደ ጆምሶም ከምሳ በኋላ የሚወርድ ግን ቁልቁለት ላይ ሆኖ ፔዳል እየመታ እንኳ አይራመድም። ልምድ ያለው መሪ እንግዶቹን ገና ሳይነጋ የሚቀሰቅሰው ለጭካኔ አይደለም።

ተማሪ፦ አየሩ ይሳሳል ያሉትን ያብራሩልኝ።

መምህር፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዞው ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በባሕር ጠለልም ሆነ በተራራ ጫፍ የኦክስጅን ድርሻ ከአየሩ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። የአናፑርና ዙሪያ ከፍተኛው ነጥብ ቶሮንግ ላ የሚባለው በር ሲሆን ከፍታው 5,416 ሜትር ነው፤ እዚያ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ነው። አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ መጀመሪያ ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይሆናል። ትንፋሽ ሲፈጥን ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣና ደሙ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ ያኔ አንጎል ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ኩላሊት ባይካርቦኔቱን በሽንት አስወግዶ ሚዛኑን እስኪመልስ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። የቀይ ደም ሕዋሳት መጨመር ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ከእነዚህ አንዱንም በጉልበት ማፋጠን አይቻልም።

ተማሪ፦ ጠንካራ ስፖርተኛ ከሆነስ?

መምህር፦ ጥንካሬ ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ይበልጥ ይጋለጣል። ሕመሙ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አዲሱ ከፍታ ከተደረሰ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የሚታየው። ችላ ተብሎ መውጣት ከቀጠለ ውሃ በሳንባ ውስጥ ሊቋጥር ወይም አንጎል ሊያብጥ ይችላል፤ ሁለቱም ይገድላሉ። የሁለቱም ዋና መድኃኒት ወዲያው መውረድ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው ኪኒን ኩላሊቱ ባይካርቦኔቱን ቶሎ እንዲያስወግድ በማድረግ መላመዱን ያግዛል እንጂ ቀኑን አይተካም።

ተማሪ፦ ታዲያ መሪው ምን ያደርጋል?

መምህር፦ ቀን ይቆጥራል። በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው ደንብ ይህ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። በእግር የሚሄድ ሰው ድካሙ ራሱ ያዘገየዋል። ብስክሌተኛው ግን ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው፣ የጂፕ መንገድ ከቶሮንግ ላ ወዲህና ወዲያ ወዳሉት ወደ ማናንግም ወደ ሙክቲናትም ስለደረሰ ብስክሌቱን በመኪና ላይ አስሮ በአንድ ቀን መውጣት መቻሉ ነው። 820 ሜትር ላይ ካለችው ፖካራ በማለዳ የተነሣ መኪና ማታ 3,700 ሜትር ገደማ ወዳለው ሙክቲናት ያደርሳል፤ ደሙ ግን ገና ፖካራ ነው። ሁለተኛው፣ ቁልቁለቱን ፈልጎ የመጣ ሰው አቀበቱን እንደ ዕዳ ቆጥሮ ቶሎ ለመገላገል መቸኮሉ ነው። መሪው ይህን ችኮላ ያስራል። ማናንግ 3,540 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት ያሳድራል፣ በመካከሉ ባለው ቀን ደግሞ እንግዶቹን ከፍ ወዳለ ሐይቅ ወይም ገዳም ወስዶ ለእንቅልፍ ወደዚያው ይመልሳቸዋል። ጠዋት ጠዋት እንዴት እንዳደሩ ይጠይቃል፣ የምግብ ፍላጎታቸውን ይመለከታል፣ ጣት ላይ በሚሰካ መሣሪያ የደማቸውን ኦክስጅን ይለካል። የጠረጠረውን ሰው ተረከዙን ከጣቶቹ ጫፍ እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ያደርገዋል፤ የሚወላገድ ከሆነ አንጎሉ ተነክቷል ማለት ስለሆነ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይወሰዳል። ጥሩ መሪ የሚታወቀው እንግዳው ከፍሎ የመጣበትን ነገር በመከልከሉ ነው፤ የሚከፈለውም ለዚህ ድፍረቱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ተማሪ፦ እኛ ደገኞች ነን። ይህ አይረዳንም?

መምህር፦ በመጠኑ ይረዳል፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚህም የሚያስደንቀው ሳይንሱ ያገኘው ነው። በከፍታ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩ ሦስት ሕዝቦች ተጠንተዋል፤ የአንዲስ፣ የቲቤትና የኢትዮጵያ ደገኞች። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን ይበዛል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢን ብዙም አይጨምርም፤ የደማቸው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩት አማሮች ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን ለአንድ ደገኛ መንገደኛ ዋስትና አይሆንም። ቶሮንግ ላ ከራስ ዳሽን ጫፍ በ850 ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ቀኖቹ ለደገኛም ይቆጠራሉ።

ተማሪ፦ አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከየት ተነሥቶ የት ይደረሳል?

መምህር፦ ዙሪያው የሚጀመረው በምሥራቅ በኩል ከቤሲሳሃር ነው፤ እዚያ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ነው። የማርስያንግዲን ወንዝ ተከትሎ በሩዝ እርከን፣ ቀጥሎም በጥድ ደን ውስጥ እየወጣ ቻሜን፣ ፒሳንግንና ማናንግን ያልፋል። ከማናንግ በላይ መኪና የለም፤ መንገዱ ቀጭን ነው። ከበሩ ግርጌ ካለው ከቶሮንግ ፌዲ በላይ ያለው አቀበት ጠጠርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብስክሌት አይነዳበትም። ብስክሌቱ በትከሻ ይወጣል፤ ወይም ተሸካሚ በገመድ ጀርባው ላይ አስሮ ይወስደዋል። በሩን ነፋሱ ሳይነሣ ለማለፍ ጉዞው በጨለማ ይጀመራል። ከዚያ ወደ ሙክቲናት ያለው ቁልቁለት ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። ሙክቲናት ሂንዱውም ቡድሂስቱም የሚሳለሙት ስፍራ ነው፤ 108 የውሃ አሸንዳዎችና ከምድር በሚወጣ ጋዝ የሚነድ የማይጠፋ እሳት አሉበት። ከሙክቲናት በላይ ካለው ሸንተረር በሉብራ መንደር በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው ቀጭን መንገድ በብስክሌተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ አንዱ ጎኑ ገደል ስለሆነ መሪው ማን እንደሚነዳውና ማን ወርዶ እንደሚገፋ ከላይ ይወስናል። ከጆምሶም በኋላ ማርፋ የምትባለዋ የፖም መንደር አለች፣ ቀጥሎም 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የፍል ውሃዋ ታቶፓኒ። ከበሩ እስከ ታቶፓኒ ድምሩ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው።

ተማሪ፦ ብስክሌቱ ይህን ሁሉ ይችለዋል?

መምህር፦ ለዚህ የተሠራ ከሆነ ይችላል። የተራራ ብስክሌት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ ነው። ወጣቶች የጥንት ከባድ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በተካሄደው በአንዱ ውድድር ቁልቁለቱ የኋላውን ፍሬን እጅግ ስለሚያግለው ግሪሱ ተቃጥሎ ያልቅና በየጊዜው እንደገና ይሞላ ነበር። ጆ ብሪዝ ለዚሁ ብሎ የነደፈውን ብስክሌት በ1977 ሠራ፤ በ1981 በብዛት የተመረተው ስታምፕጃምፐር ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1996 ስፖርቱ አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። የፍሬኑ ችግር ግን ከያኔው ጋር አንድ ነው። ነጂውና ብስክሌቱ አብረው 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከቶሮንግ ላ እስከ ሙክቲናት ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል ከአራት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ነፋስና ጎማ የተወሰነውን ይወስዳሉ፤ የቀረው በሁለት ቀጫጭን የፍሬን ዲስኮች ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሳይለቁ ማሸት ፍሬኑን ያግለዋል፤ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ቆም እያሉም ማቀዝቀዝ ይሻላል። መሪው የፍሬን ሸራ ትርፍ ሳይዝ አይነሣም።

ተማሪ፦ ሌላስ ምን ይይዛል?

መምህር፦ ሰንሰለት መፍቻ፣ ሰንሰለት ማያያዣ፣ ካላማዳሪ፣ ፓምፕ፣ የጎማ መስፊያ መርፌና ክር፣ የማርሽ ገመድ፣ ብስክሌቱ ሲወድቅ የምትሰበረውን የኋላ ማርሽ ማንጠልጠያ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ብስክሌት ይህች ማንጠልጠያ የተለየች ናት፤ በካትማንዱ ያልተያዘች ማናንግ ላይ አትገኝም። የጎማው አየርም ነገር አለው። በፖካራ በልክ የተነፋ ጎማ ከላይ ሲደርስ በዙሪያው ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ቅዝቃዜው ደግሞ መልሶ ያላላዋል። ከመውረድ በፊት ጎማውን በጣት ተጭኖ ማስተካከል የመሪው ልማድ ነው። ባትሪ ያለው ብስክሌት ከውጭ ይዞ መምጣት አይቻልም፤ አየር መንገዶች በመንገደኛ አውሮፕላን የሚፈቅዱት ባትሪ ቢበዛ 160 ዋት ሰዓት ሲሆን የብስክሌት ባትሪ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

ተማሪ፦ መሪዎቹ እነማን ናቸው?

መምህር፦ ዛሬ አብዛኞቹ ኔፓላውያን ናቸው፤ ይህም ትልቅ ለውጥ ነው። የካትማንዱ ልጆች ከአሮጌ ብስክሌት ጀምረው የራሳቸውን ውድድር ፈጥረዋል። ራጄሽ ማጋር የተባለው ከቁርጥራጭ ብረት ብስክሌት ገጣጥሞ ጀምሮ የአገሩ የቁልቁለት ውድድር ሻምፒዮን ሆኗል፤ ታሪኩም ፊልም ተሠርቶበታል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎች በጉዞ ወራት መሪ ይሆናሉ። ቋንቋውን ስለሚያውቁ ከአሮጊቷ ቤት ሻይ፣ ከበቅሎ ነጂው ወሬ ያገኛሉ፤ መንገድ በናዳ መቆረጡ ቀድሞ የሚሰማው ከበቅሎ ነጂ ነው።

ተማሪ፦ በየመንደሩ ያለው ሰው ብስክሌተኛን እንዴት ያየዋል?

መምህር፦ እንደ ጠባዩ። መንገዱ የእነርሱ ነው፤ በቅሎ፣ ፍየልና ተሳላሚ ይሄድበታል። ብስክሌተኛ ከበቅሎ ሲገናኝ ከብስክሌቱ ወርዶ በተራራው ጎን ይቆማል፤ በገደሉ ጎን የቆመ ሰው በጭነት ሊገፋ ይችላል። ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት የማኒ ግድግዳ መንገዱን ለሁለት ሲከፍለው የሚታለፈው በግራው በኩል ነው፤ ግድግዳው በቀኝ እጅ በኩል ይሆናል። ለመንዳት የሚያምረው በቀኝ ያለው መንገድ ቢሆንም መሪው ይህን አያስጥስም። ምሽት ላይ እንግዳው የሚቀርብለት ጻምፓ የሚባል የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ ሻይ ተለውሶ ነው፤ ከእኛ በሶ የሚለየው በሻዩ ብቻ ነው። እንግዶች የሚያድሩት በነዋሪው ቤት ስለሆነ ገንዘቡ በቀጥታ ቤቱ ይገባል።

ተማሪ፦ ላይኛው ሙስታንግ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል ሲባል ሰምቻለሁ።

መምህር፦ ይጠይቃል። ከካግቤኒ በላይ ያለው አገር የሎ መንግሥት ነበር፤ ዋና ከተማው ሎ ማንታንግ በግንብ የታጠረ፣ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነው። የቲቤት ጨው ወደ ደቡብ፣ የቆላው እህል ወደ ሰሜን የሚያልፈው በዚያ ስለነበር ነገሥታቱ ከቀረጡ ከብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቲቤት ሽምቅ ተዋጊዎች እዚያ ሰፍረው እስከ 1974 ቆዩ፤ አገሩም ለውጭ ሰው ተዘግቶ ኖሮ በ1992 ተከፈተ። ለረዥም ዓመታት ክፍያው ለዐሥር ቀን 500 ዶላር ነበር፤ ፈቃድ ያለው መሪም ግዴታ ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጂግሜ ዶርጄ ፓልባር ቢስታ ኔፓል በ2008 ሪፐብሊክ ስትሆን ማዕረጋቸው ቀረ፤ በ2016 አረፉ። ለብስክሌተኛ ይህ አገር ከቶሮንግ ላ በታች ስለሆነ ለትንፋሽ ይቀላል፤ ሆኖም መንገዱ አራት ሺህ ሜትር የሚጠጉ በሮችን አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል፤ ጥላ የሚባል ነገርም የለም።

ተማሪ፦ አደጋ ቢደርስስ?

መምህር፦ የሚቀድመው አለመድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣው ሁድሁድ የተባለ አውሎ ነፋስ ጭራ ቶሮንግ ላ አካባቢ ድንገተኛ በረዶ አውርዶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ መንገደኞችም መሪዎችም ተሸካሚዎችም። ዕለቱን ዝቅ ብሎ መጠበቅ ብዙዎቹን ያድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የሂማላያ አድን ማኅበር በጉዞ ወራት ማናንግ ላይ ክሊኒክ ይከፍታል፤ ሐኪሞቹ ከሰዓት በኋላ ስለ ከፍታ ሕመም ያስተምራሉ። መውረድ በማይቻልበት ጊዜ ሕመምተኛው የሚገባበት፣ በፓምፕ የሚነፋ የግፊት ከረጢት አለ፤ ውስጡ ያለውን ከፍታ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያደርገዋል። ሄሊኮፕተር የሚመጣው ሰማዩ ከጠራና ክፍያው ዋስትና ካገኘ ነው፤ ስለዚህ የመድን ውሉ ብስክሌትንም እስከ 6,000 ሜትር ያለውን ከፍታም በስም መጥቀስ አለበት። ሳያስፈልግ ሄሊኮፕተር እየጠሩ መድን ሰጪዎችን የማስከፈል ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2018 በመንግሥት ተመርምሯል።

ተማሪ፦ መኪናው መንገዱን ሁሉ ከወሰደው ግን ለብስክሌት ምን ይቀራል?

መምህር፦ ብዙ ቀርቷል፤ ግን መፈለግ ይጠይቃል። የመኪናው መንገድ ጆምሶም በደረሰ ጊዜ በካሊ ጋንዳኪ ሸለቆ ያሉ ብዙ የእንግዳ ቤቶች ገበያቸውን አጡ፤ ድሮ የአራት ቀን እግረኛ ያሳድሩ የነበሩት አሁን መኪናው በአቧራ ያልፋቸዋል። ለነዋሪው ግን መንገዱ ሐኪም ቤት፣ ርካሽ ጨውና የፖም ገበያ ስለሆነ የውጭ ሰው ሊያዝንበት አይገባም። መሪዎቹ የሚያደርጉት ከመኪናው መንገድ በላይ ያለውን የበቅሎ መንገድ መልሶ መጠቀም ነው። ተጓዥ ሲያልፍበት ቤቱ ይከፈታል፣ ቦዩና ድልድዩም ይጠገናል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የአናፑርና ጥበቃ ፕሮጀክት 7,629 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን ክልል የሚያስተዳድረው ከመግቢያ ክፍያ በሚያገኘው ገንዘብ ሲሆን፣ ከዚያው ላይ ለመንገድ ጥገናና ለመንደሮች ሥራ ያውላል። ብስክሌተኛው የሚገዛው ፈቃድም እዚያው ይገባል።